መልስ፦ ጥንቃቄ ነው ወይስ ፍርድ?

“አሳንሰር ውስጥ ጥቁር ወንድ ሲገባ ቦርሳን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ተራ ጥንቃቄ አይደለም ወይ?” ብለው ጠይቀዋል። ጥንቃቄ ቢሆን ለገባው ሁሉ ይደረግ ነበር። ቆዳ አይቶ የሚመጣው ፍርድ ነው፤ ያውም ተከሳሹ ሳይሰማ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ለሥራ ጉዳይ ቀጠሮ የያዙትን ሰው ሊጠብቁ ስታርባክስ ካፌ ገቡ። ገና ምንም አላዘዙም። በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ አስኪያጇ ፖሊስ ጠራች፤ በካቴና ታስረው ወጡ። ኩባንያው በኋላ አሜሪካ ያሉትን ከ8,000 በላይ ካፌዎቹን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ዘግቶ ሠራተኞቹን አሠለጠነ። (ከሰዓት በኋላ ብቻ!)

ዜና የማይሆነው የየዕለቱ ነው፦ ማታ ከፊቱ ሴት ስትሄድ እንዳትደነግጥ ብሎ መንገድ የሚሻገረው፣ ሱቅ ውስጥ እጁን ከኪሱ አውጥቶ የሚዞረው፣ ለገዛው ማስቲካ እንኳ ደረሰኝ የሚይዘው ያው ጥቁር ወንድ ነው። እርስዎ ቦርሳዎን ሲያጠብቁም ያያል፤ አይቶ እንዳላየ ይሆናል እንጂ።