ክኒኑን በምን ነው የምትውጪው?

እህቴ፣ «እንቅርቴን በኦፕራሲዮን ካስወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ክኒኑን አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ ቲኤስኤች ግን አልወርድ አለኝ፣ ድካሙም አልለቀቀኝም፤ ጾሙስ እንዴት ይሆናል?» ያልሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ መሰለኝ።

እኔ የአንገቴ ዕጢ (ታይሮይድ) ሙሉ በሙሉ ከወጣልኝ 6 ዓመት ሆኖኛል። በሁለተኛው ዓመት ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር) 18 ገባ፤ ጤነኛው እስከ 4 ገደማ ነው። ሆርሞኑን የሚተካው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲኑ፣ ከ100 ወደ 125 ማይክሮግራም ተጨመረልኝ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ፊቴ ያብጣል፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ እደርባለሁ፣ ፀጉሬ ከማበጠሪያው ጋር ይወጣል። በኋላ መድኃኒት የምገዛባት ፋርማሲስት «በምን ነው የምትውጪው?» አለችኝ። በቡና ነዋ! የእናቴ አቦል ፊቴ ቀርቦ ማን ውኃ ይፈልጋል? ለጣቴ መደንዘዝ የታዘዘልኝን ካልሲየምም «አንዴ ልገላገል» ብዬ አብሬው ነበር የምውጠው።

ለካ ቡናው መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ካልሲየሙ ደግሞ እዚያው ይዞ ያስቀረዋል። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ እውጣለሁ። ቡናና ቁርስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፤ ካልሲየም ከምሳ በኋላ። ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለበት፤ የደም ማነስ ክኒንም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ አወሳሰዴን ሳስተካክል ያ 125 በዛብኝና ልቤ ድው ድው ይል ጀመር፤ ተመርምሬ ወደ 100 ተመለሰልኝ። ስለዚህ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትቀይሪ፤ ምርመራውንም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተሽ ነው የምትደግሚው፣ ከዚያ በፊት ገንዘብ ማባከን ነው። ለፀጉርሽ ባዮቲን የሚባለውን ቪታሚን የምትወስጂ ከሆነም ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ውጤቱን ያዛባል።

በጾም ወቅት ግን እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ ክኒኑን ወደ ማታ አዛውረዋለሁ፤ ከእራት 3 ሰዓት ሲያልፍ፣ መኝታ ላይ።

«መድኃኒቱን ተዪና ጸበል ግቢ» ያለችሽን እህት አልቀየማትም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ክኒኑን ግን ይዤ ነው የምሄደው፤ ዕጢው ከወጣ ሰውነታችን ሆርሞኑን ከየት ያመጣዋል?

ጠዋት እንዴት እንደምትወስጂው አልጻፍሽም። ቡና ትጠጫለሽ?