በቅጹ ጀርባ ጻፉት
(የእንስሳት ኤክስቴንሽን ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች)

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በእንስሳት ኤክስቴንሽን ሥራ፣ አርቢውን በማስተማርና በማማከር፣ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩት ለእናንተ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ላም ነው።

የዚያን ጊዜ የፖሊሲው ዋና ግብ ዝርያ ማሻሻል ነበር። እኛም የምንመዘነው በዓመት በሰው ሠራሽ ዘዴ ባዳቀልናቸው ላሞች ቁጥር ነበር። ያቺን ላም ሦስት ጊዜ አዳቅዬ ፅንስ አልያዘችም። በአራተኛው ስሄድ አባወራው እንደ ወትሮው «ዛሬ ጠዋት ነው ኮርማ የፈለገችው» አለኝ። ባለቤቱ የወተቱን ዕቃ እያጠበች ቀና አለችና «ትናንት ነው እንጂ፣ ልጄ። ጎህ ሳይቀድ ሳልባት ሌላዋ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ ቆማ ነበር» አለችኝ።

ጠዋት ድራት፣ ማለትም ኮርማ የመፈለግ ምልክት፣ የታየባት ላም በዚያው ቀን ማታ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል እንዳለባት በየስብሰባው አስተምሬ ነበር። የተሰበሰቡት ግን ወንዶች ነበሩ። ማለዳና ማታ በረት የምትገባዋን ሴት አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ጊዜው አልፎ ነበርና በዚያን ቀን ሳላዳቅል ተመለስኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድራቱ ሲመለስ በምሽት ልጇን ላከችብኝ፤ በማግስቱ ጠዋት አዳቀልኳት፤ ያዘች።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ያቺ አንዲት ላም በሪፖርቴ ላይ ሦስት ሆና ተቆጥራለች። ፖሊሲ አውጪው ላሟን አያያትም፤ የሚያየው ሠንጠረዡን ነው። ሠንጠረዡ ሥራው እንደተሳካ ከነገረው በሚቀጥለው ዓመት ለማዳቀያ ተጨማሪ የኮርማ አባለዘር ይገዛል። የጎደለው ግን አባለዘር አልነበረም።

ኤክስቴንሽን የመንግሥት አፍ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ጆሮውም ነው፤ እንዲያውም ከአፍነቱ ጆሮነቱ ይበልጣል ባይ ነኝ። የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታወጅ፣ በሰው ጥረት ከጠፉ በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነበር። ሙቀት የሚቋቋም ክትባት መገኘቱ ብዙ ረድቷል። ሆኖም ማቀዝቀዣም መንገድም በሌለበት ክትባቱን ተሸክመው ከመንጋ መንጋ የዞሩት ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። በሽታው የት እንደተደበቀ ለባለሙያ የጠቆመውም እረኛው ነው።

ጆሮ የሚሆነው ግን የታመነ ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን ግብር እንድታስከፍሉ ወይም የብድር ዕዳ እንድትሰበስቡ ትታዘዙ ይሆናል። በምትችሉት ሁሉ ተከላከሉ። ለክትባት የመጣው ሰው ለዕዳም ከመጣ አርቢው ግማሹን መንጋ ከኮረብታው ጀርባ ያሳድራል። የተደበቀው ከብት አይከተብም፤ አይቆጠርም። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚታቀደው የመኖና የመድኃኒት አቅርቦትም ከመነሻው የተሳሳተ ይሆናል።

ስለዚህ የሰማችሁትን ጻፉ። ለምን እንዳልያዘች፣ ለምን እንዳልተከተበ፣ ማን እንደነገራችሁ። ቅጹ ቦታ ከሌለው በጀርባው ጻፉት። እኔ ከዚያች ላም በኋላ በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ገልጦ ያነበበው አልመሰለኝም ነበር። በሦስተኛው ዓመት የመጣልን አዲስ ቅጽ ግን «የተዳቀሉ ላሞች» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «የተወለዱ ጥጆች» የሚል ነበረው።