58ቱ፣ 236ቱ እና ያ 8.2፦ የስኳር ቁጥር እንዴት ይነበባል

እህቴ፣ የጻፍሽውን ልድገመውና ልጀምር። እናትሽ 63 ዓመታቸው ነው፤ ዓይነት ሁለት ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ጠዋት ይወስዳሉ። በባዶ ሆድ 148፣ ከምሳ በኋላ 236 ተለክተዋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ሲቆዩ አንድ ቀን 8 ሰዓት ላይ አላባቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቢለኩ 58 ሆነ። ከእንግሊዝ የተላከላችሁ አዲሱ ማሽን ደግሞ 8.2 አለ። «ኖርማሉ ስንት ነው? 236 አደገኛ ነው? 8.2ስ ወረደ ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ሁሉም የደነገጠው በ236ቱ ነው። ከአራቱ ቁጥሮች አስቸኳዩ ግን 58 ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

ከ70 በታች ሲሆን ስኳር ወረደ ይባላል። መጀመሪያ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። ከ54 በታች ከገባ አንጎል የሚበቃውን ስለማያገኝ ሰው ይደነባበራል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፤ አንዳንዱን የሰከረ ነው ብለው የሚያልፉት በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ራስን መሳት አለ። መንስኤው በእናትሽ ዘንድ ግልጽ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል፤ ምግብ መጣ አልመጣ አይጠይቅም። ጠዋት የተዋጠው ክኒን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፣ ሥራው እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ አያወርድም። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ሜትፎርሚን እየወሰዱ በሰላም ስለጾሙ እናትሽም ይችላሉ ማለት አይደለም።

ሲወርድ የሚሰጠው 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ነው። ይህም አራት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ግማሹን፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ማለት ነው። 15 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ፣ ትለኪያለሽ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ ትደግሚያለሽ። ከ70 ሲያልፍ ዳቦ ወይም እንጀራ ይበላሉ፤ ስኳሩ ቶሎ ያልቃል፣ ክኒኑ ግን ገና አለ። ማሽን በአጠገብሽ ከሌለ ምልክቱ ብቻ ይበቃል፤ መጀመሪያ አጠጪ።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቸኮሌት፣ ወተት ወይም ቅቤ ያለበት ገንፎ ይሰጣል፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ስኳር የሌለው ለስላሳ ይሰጣል፤ ምንም አይሠራም። ወይም በድንጋጤ ሙሉ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ላዩ ላይ ሻይ በስኳር፣ ከዚያም እራት ይደረብበታል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 300 ሲታይ ደግሞ ተጨማሪ ክኒን ይዋጣል። ያን ቀን መድኃኒት መደረብ ዳግም መውረድን መጋበዝ ነው። ሰው ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ የተሰጠው ወደ ሳንባው ይገባል። በጎን አስተኝታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ፤ እዚያ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣሉ። ክብሪት ማሽተት ደቂቃ ከመብላት ያለፈ ፋይዳ የለውም። የክኒኑን ስም ለሐኪሙ መናገር አትርሺ፤ በግሊቤንክላሚድ የወረደ ስኳር ከተነሣ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከገፋ ወይም ኩላሊታቸው ከደከመ፣ «ተሻላቸው» ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት አይመለሱም።

የደም ግፊትም ካለባቸው የክኒኑን ስም ተመልከቺ። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይደብቃሉ፤ ላቡ ግን አይደበቅም። ከእንቅልፍ በላብ ተነክረው ከተነሡ፣ ወይም ቅዠትና የጠዋት ራስ ምታት ከበዛ፣ ሌሊት እየወረደ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ 8.2። አልወረደም። እኛ አገር ላቦራቶሪውም ማሽኑም በአብዛኛው የሚያነበው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ አሜሪካና እስራኤልም እንዲሁ። እንግሊዝ፣ ካናዳና ስዊድን የሚጠቀሙት ሚሊሞል በሊትር ነው። ማባዣው 18 ነው፦ 8.2 በ18 ሲባዛ 148 ገደማ ይሆናል። ማለትም ሁለቱ ማሽኖች የተናገሩት አንድ ነገር ነው። ነጥብ ያለው ቁጥር ካየሽ ሚሊሞል ነው። ማሽኑ ላይ ወረቀት ለጥፈሽ ይህን ጻፊበት፦ 3 ማለት 54፣ 3.9 ማለት 70፣ 7 ማለት 126፣ 10 ማለት 180፣ 13.9 ማለት 250። እንግሊዝ የሚሸጡት አብዛኞቹ ወደ ሚሊግራም አይቀየሩም፤ ደግሞም እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበትን ቀጭን መለኪያ) ብቻ ነው የሚበላው። ስለዚህ ለዘመዶችሽ ንገሪያቸው፦ ስትሪፑ እዚህ የማይገኝ ማሽን ሃምሳዋ ስትሪፕ ስታልቅ ጌጥ ነው።

«ኖርማሉ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ያለው ነው። ሰዉ የሚምታታበትም ይሄ ነው። አንዱ መልስ «ስኳር አለብኝ ወይ?» ለሚል ነው፦ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበላ ሲለካ ከ70 እስከ 99 ጤነኛ፣ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያየ ቀን ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው። በመካከሉ ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል፤ የአሜሪካው የስኳር ማኅበር ከ100፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ110 ይጀምረዋል፤ ሁለት ላቦራቶሪ በአንድ ቁጥር ላይ የተለያየ ነገር የሚጽፈው ለዚህ ነው። ውሃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና ክብደት መቀነስ እያለ በማንኛውም ሰዓት 200 ካለፈ ደግሞ ስኳር ለመሆኑ በቂ ነው። በነገራችን ላይ በሽታው አለ የለም የሚባለው በቤት ማሽን ሳይሆን በላቦራቶሪ ደም ነው።

ሁለተኛው መልስ በሽታው ላለበት ሰው ነው፤ እናትሽን የሚመለከተውም ይሄኛው ነው። ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ከ180 በታች። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ልብ ወይም ኩላሊት ለደከመ፣ ወይም አንዴ የወረደባቸው ከሆነ ሐኪሙ ከምግብ በፊት ያለውን ከ90 እስከ 150 አድርጎ ያላላዋል። ስለዚህ የእናትሽ 148 እንደ ሰውነታቸው ሁኔታ ትንሽ ከፍ ያለ ወይም ጭራሽ በልኩ ሊሆን ይችላል። እርጉዝ ሴት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት፤ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140፣ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ነው የሚፈለገው።

236 ስንት ሰዓት ላይ ተለካ? ይህን አልጻፍሽም፤ ያለሱ ደግሞ ቁጥሩ ብዙ አይናገርም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው እንጂ ሳህን ከተነሣ አይደለም። ከ45 ደቂቃ በኋላ ከሆነ ጫፉ ላይ ነው የያዝሽው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሆነ ምግቡ ወይም መድኃኒቱ መታየት አለበት። ከመብላታቸው በፊት ያለውንም ለኪ። 210 ላይ ተነሥቶ 236 መድረስና 120 ላይ ተነሥቶ 236 መድረስ አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቀኑን ሙሉ ከፍ ያለ ስኳር ነው፣ ሁለተኛው የምሳው ሥራ ነው። «የጤፍ እንጀራ ስኳር አይጨምርም» የሚሉሽን አትስሚ፤ ጤፍ ደግ እህል ነው፣ ነገር ግን አብዛኛው ስታርች ነው፤ ሁለት ሙሉ እንጀራ በሽሮ ከበሉ ይጨምራል። እንጀራውን ወደ አንድ ወይም ከዚያ በታች አውርዶ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት፣ ከበሉ በኋላም 15 ደቂቃ መራመድ፣ በማግስቱ ለክተሽ የምታይው ልዩነት ያመጣል። የጾም ቀን ድንች በዳቦ ደግሞ ከሥጋ ወጥ የባሰ ያወጣል፤ ጾም ነው ብሎ መዘናጋት የለም።

የጠዋቱን 148 በተመለከተ፣ ሌሊት ሳይበሉ ለምን ከፍ ይላል ብለሽ ከሆነ፣ ወደ ንጋት ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ጉበት ስኳር ይለቃል። ዘግይቶ የተበላ እራትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ሲተኙ ለኪ፤ አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ። ማታም ከፍተኛ ከነበረ ጥፋቱ የእራቱ ነው፤ ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት ከወጣ የጉበቱ ነው። ማታ ኤንፒኤች የሚባለውን ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች የሌሊቱን መለካት የግድ ያድርጉት፤ ከተወጉ በኋላ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ጫፍ ይደርሳል፣ ያም እንቅልፍ ላይ ነው።

ቁጥሩን ከማመንሽ በፊት ጣታቸውን ተመልከቺ። ብርቱካን ልጠው ሳይታጠቡ የተለኩ ሰው 250 ቢታይባቸው የጣቱ ስኳር ነው። በሳሙናና ውሃ ታጥቦ መድረቅ፤ አልኮል ከተቀባም እስኪደርቅ መጠበቅ። የጣቱን ጎን ውጊ፣ መሐሉ ያማል። አጥብቀሽ አትጭመቂ። ስትሪፑ ቆርቆሮው ውስጥ ተከድኖ፣ ከፍሪጅም ከምድጃም ርቆ ይቀመጥ፤ ቀኑ ያለፈበት በርካሽ አይገዛም። ማሽን በተፈጥሮው ልዩነት አለው፦ የተፈቀደለት ከ100 በላይ ላለ ንባብ እስከ 15 በመቶ ነው። ስለዚህ 148 እና 160 አንድ ቁጥር ናቸው፤ በደቂቃ ልዩነት ደጋግሞ ለክቶ መጨነቅ ስትሪፕ መጨረስ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ማሽኑ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

መቼ ነው ከፍታው የሚያስሮጠው? ከ250 በላይ ለአንድ ሁለት ቀን ከቆየ ወደ ሐኪም ይደወላል፤ ኢንፌክሽን፣ የተረሳ መድኃኒት ወይም ለአስም የተሰጠ ፕሬድኒሶሎን ከጀርባው ሊኖር ይችላል። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ከተጨመረ ግን ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) በደም ተከማችቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ማሽኑ ቁጥር ትቶ «ሃይ» ካለ በብዙዎቹ ላይ ከ600 በላይ ማለት ነው፤ ሰላም ማለት አይደለም። ታምመው ካልበሉም ውሃ መጠጣታቸውን አያቋርጡ።

ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ ጠዋት ብቻ ከመለካት አንድ ሳምንት ጥንድ ጥንድ ለኪ፦ ሰኞ ከቁርስ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማክሰኞ ምሳን፣ ረቡዕ እራትን፣ እንደገና ከቁርስ። በ14 ስትሪፕ ሐኪም የሚያነበው ሰንጠረዥ ታገኛለሽ። ከጎኑ የበሉትን፣ ክኒኑን የዋጡበትን ሰዓትና ላብ የመጣበትን ጻፊ። የሦስት ወሩን አማካይ፣ ኤችቢኤዋንሲውን፣ እዘዙልን በዪ፤ 7 በመቶ ማለት በአማካይ 154 ነው፣ 8 ማለት 183፣ 9 ማለት 212። ከ7 በታች የተለመደው ግብ ነው፣ ለደካማ አዛውንት ከ8 በታች ይበቃል። የደም ማነስ ካለባቸው ወይም በቅርቡ ደም ከተሰጣቸው ይህ ቁጥር ያሳስታል።

ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላሚድ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደማይስማማ ጽፎ ግሊክላዛይድ የተባለውን ሌላ ክኒን አስቀምጧል፤ «58 ወርዶባቸዋል፣ 63 ዓመታቸው ነው፣ መቀየር ይቻላል ወይ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ፣ የኩላሊት ምርመራም ይጨመርበት። እስከዚያ ይህን ክኒን ውጠው ሳይበሉ መቆየት የለባቸውም። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፣ ለሕሙማን ፈቃድ አለ። በባዶ ሆድ ጠበል የሚጠጡ ከሆነም ክኒኑ ከጠበሉ በኋላ፣ ከቁርሱ ጋር ይሁን።