ስልኩ ስሙን ይጥራ፣ ጥያቄውን ሰርቨሩ ይያዝ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ የግንባታ ዕቃ መጋዘን፣ ደሴ ፒያሳ ደግሞ መሸጫ አለን። የሻጮቹ ስልክ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጥያቄ ጽፎ በቀጥታ ወደ ዳታቤዛችን፣ ወደ ፖስትግሬስ፣ ይልካል። አንድ ሻጭ የይለፍ ቃሉን ከመተግበሪያው አውጥቶ የመግዣ ዋጋችንን በሙሉ አነበበ። «ዲሊት» (ሰርዝ) እና «አፕዴት» (ቀይር) የሚሉትን ቃላት የሚያጣራ ኮድ ብጨምርስ?

መልስ፦ ልጁ ምንም አልሰረዘም፤ በተራ የማንበቢያ ትእዛዝ፣ በ«ሰሌክት»፣ ነው ያነበበው። ማጣሪያዎ እያየ ያሳልፈው ነበር።

ለዛሬ ማታ፣ ከሻጮቹ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ላይ የመግዣ ዋጋው ባለበት ሰንጠረዥ ያለውን የማንበብ ፈቃድ ያንሱና የሚያስፈልጓቸውን ዓምዶች ብቻ መልሰው ይስጡ። የሰንጠረዡ ፈቃድ ሳይነሳ የመግዣ ዋጋን ዓምድ ብቻውን መከልከል በፖስትግሬስ ዘንድ ዋጋ የለውም።

ዋናው ሥራ ግን ሌላ ነው። መጋዘንዎ ዕቃ ፈላጊው የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን፣ ሞዴል 20ን፣ ሞልቶ ይጠይቃል እንጂ መደርደሪያው መሃል ገብቶ አይበረብርም። ስልኩም መሃል ላይ ለሚቆም አነስተኛ የሰርቨር ፕሮግራም የጥያቄውን ስምና የዕቃውን መለያ ብቻ ይላክ። የጥያቄው ጽሑፍ ዳታቤዙ ውስጥ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የተዘጋጀ ትእዛዝ) ሆኖ ይቀመጥ፤ ያልተመዘገበ ስም ከመጣ መልሱ እምቢታ ነው። የፕሮግራሙ ተጠቃሚ ሰንጠረዥ አይንካ፣ ፈንክሽን ብቻ ያስኪድ፤ ለዚህም ፈንክሽኖቹን «ሴኪዩሪቲ ዲፋይነር» (በጠሪው ሳይሆን በባለቤቱ ፈቃድ የሚሠራ) ብለው ይፍጠሩ፣ «ሰርች ፓዝ»ንም (ሰንጠረዦች የሚፈለጉበትን ቦታ) እዚያው ይወስኑ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፦ ፖስትግሬስ አዲስ ፈንክሽን ሲፈጠር የማስኬድ ፈቃዱን ማንም ሳይጠይቀው ለሁሉም ያድላል። ከ«ፐብሊክ» (ከሁሉም ተጠቃሚ) ላይ በ«ሪቮክ»፣ በፈቃድ ማንሻው ትእዛዝ፣ ይንጠቁት። ከስልክ የመጣን ቃል ፈንክሽኑ ውስጥ ከኤስኪውኤል ጽሑፍ ጋር እየቀጣጠሉ ማስኬድም በጓሮ በር መክፈት ነው።

እኔ ራሴ ለአንድ ነጋዴ ስሠራ ይህን ሁሉ አሟልቼ፣ የቅርንጫፉን ቁጥር ግን ከስልኩ ተቀበልኩ። የደሴው ሻጭ 2 የነበረውን 1 አድርጎ የኮምቦልቻን ሽያጭ አነበበ። ያንን ለማስተካከል በክረምት ጭጋግ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጠያቂው ማን እንደሆነና የየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ሰርቨሩ ከመግቢያ መለያው ራሱ ይወቅ።

ሁሉም ስልኮች አዲሱን መተግበሪያ እንደጫኑ የድሮውን የይለፍ ቃል ይሰርዙ፤ የፖስትግሬስን መግቢያ በር፣ 5432 ፖርትንም ለኢንተርኔት ይዝጉ። ቀድመው ከዘጉት ፒያሳ ያለው ሱቅ በገበያ ቀን ሥራ ይፈታል።