ቡቺ ውሃ አልጠግብ አለች

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ግቢያችንን የምትጠብቅ ቡቺ የምትባል ውሻ አለችን፤ ሰባት ዓመት አልፏታል። ባለፈው ወር የሰፈሩ ወንድ ውሾች በራችን ላይ ሲያድሩ ሰነበቱ፣ እኛም ዘግተን ያዝናት። አሁን ምግብ ትታለች። ውሃ ግን ባልዲ ሙሉ ቢቀርብላትም አትጠግብም። ሆዷ ነፋ ብሏል፣ ከኋላዋ ቡናማ የሚሸት ፈሳሽ ይወርዳል፣ እሱን ስትልስ ትውላለች። ባለቤቴ "አርግዛ ይሆናል፤ ካልሆነም አሞክሳሲሊን እንስጣት" ይላል። ልጇም እዚሁ ግቢ አለች፣ እንዳታረግዝ መርፌ ላስወጋት አስቤ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ እስካሁን ሐኪም ጋ ካልሄደች ዛሬውኑ ውሰጃት። የነገርሽን ሁሉ የማህፀን መግል ይመስላል፤ ሐኪሞች ፓዮሜትራ ይሉታል። ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ አረገዘችም አላረገዘች፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ለሁለት ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል። የማህፀኗን ግድግዳ ያወፍራል፣ ተከፍቶ የነበረው የማህፀን አፍ ይዘጋል፣ መከላከያዋም እዚያ አካባቢ ይደክማል። ቀድሞ የገባ ባክቴሪያ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ከሰገራ የሚመጣው ኢ. ኮላይ ነው፣ እንደልቡ ይራባል። ውሃ የሚያስጠማት የባክቴሪያው መርዝ ነው፤ ኩላሊቷ ሽንት መቆጠብ ያቅተዋል።

አሞክሳሲሊን ብቻውን አያድናትም። ትንሽ ሻል ብሏት ታታልላችኋለች፣ መግሉ ግን እዚያው ነው። የሰው ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በጭራሽ! ፈሳሹ መውጣቱ እንኳ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው የማህፀኑ አፍ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ምንም ሳይታይ ሆድ ብቻ ሲነፋ ነው፣ ማህፀኑ ሊፈነዳም ይችላል።

እርግዝና ይሁን መግል አልትራሳውንድ ይለየዋል። ከዚያ ጉሉኮስ ይደረግላታል፣ አንቲባዮቲክ ትወጋለች፣ ትንሽ ስትረጋጋ ማህፀኗና እንቁልእጢዋ በኦፕራሲዮን ይወጣሉ። ቀድመሽ ደውለሽ "የውሻ ማህፀን ትሠራላችሁ ወይ?" በይ፤ አንዳንዱ ክሊኒክ ከከብትና ከዶሮ ውጭ አይነካም፣ በከንቱ ታንከራትቻታለሽ። በቅርብ ካጣሽ ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቂ።

የልጇን መርፌ ተዪው። አብዛኛው ያው የፕሮጄስትሮን ዘር ነው፣ ይህንኑ በሽታ ይጠራል። ወንድ ፍለጋዋ ካለፈ ሁለት ሦስት ወር ቆጥረሽ አስመክኛት፤ በጤናዋ ጊዜ ሲሠራ ኦፕራሲዮኑም ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል። ዋጋውን ቡቺን ስትወስጂ እዚያው ጠይቂ።