ገና ብቁ ያልሆነ

ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ለገባችሁ ልጆቼ፣

እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለዓመታት ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ መዝኛለሁ። እዚያ መጨረሻ ላይ 87 ወይም 92 የሚባል ነገር የለም። «ብቁ» ነህ፣ አለዚያ «ገና ብቁ ያልሆነ» ነህ።

አንድ ልጅ አይረሳኝም። የጽሑፉን ፈተና ጥርግ አድርጎ ሠራ። ለተግባሩ፣ የደረጃ አምፖል ከላይም ከታችም እንዲበራና እንዲጠፋ መስመር ዘርጋ አልኩት። ወረቀት ላይ አሳምሮ ሳለው። ሽቦውን ሲይዝ ግን ተደናገረ፤ በማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (መመለሻውን) አሳለፈ። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል። ጠፍቶም ግን መያዣው ላይ ኮረንቲ አለ። አምፖል የሚቀይረውን ሰው ይይዘዋል። «ገና» ብዬ ጻፍኩ። አኩርፎ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ አሪፍ አድርጎ ሠራው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የእናንተን ትምህርት ቤት ወደዚሁ ሐሳብ ይገፋሉ። ምን ሸመደድክ ሳይሆን ምን ትችላለህ ነው ጥያቄው። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ ያለውን ግን ታውቁታላችሁ። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ከአሥር የሚታረም ቴስት ሆኖ ቀርቷል። የቡድን ሥራ ሲታዘዝ ጎበዟ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። መምህሩም አይፈረድበትም። ስልሳ ልጅ አንድ በአንድ ሲሠራ ማየት ቀልድ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ስሰማ የቆረቆረኝ መውደቃቸው ብቻ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ገና ነህ» ብሎ የሚመልሳቸው ሰው ሳያገኙ እዚያ መድረሳቸው ነው።

ስለዚህ ፖሊሲው ክፍላችሁ እስኪደርስ አትጠብቁ። ቴስት ተመልሶ ከአሥር ስድስት ካያችሁ፣ ስድስቱን ተዉትና አራቱን ያዙ። «ቲቸር፣ ድጋሚ ልሥራው?» በሉ፤ ማርክ ባይጨምርላችሁም። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። (ምክትሉ ጋ ነው፣ ሁሌም።)

ለእኔ «ገና»ን የነገረኝ አንድ የቆየ ፎርማን ነው። ኮሌጅ ጨርሼ በገባሁ በወሩ፣ የዘረጋሁትን መስመር በሙሉ አስነቀለኝ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።