«ከፈረሱ አፍ ሰማሁ» ሲሉሽ

እህታችን የጠየቀችው ይሄ ነው፦ «ባልደረባዬ አንድ ዜና ነግራኝ ‹ስትሬት ፍሮም ዘ ሆርስስ ማውዝ› አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? ለአለቃዬስ ብለው ነውር ይሆናል?»

ከራሱ ከባለጉዳዩ ሰማሁ ማለቷ ነው። አማርኛችንም ተቀብሎታል፤ ጋዜጠኞች «ከፈረሱ አፍ» ሲሉ ሳትሰሚ አትቀሪም።

አነጋገሩ የመጣው ከፈረስ ውድድር ሰፈር ነው። ተወራራጆች የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ ጥቆማ ያሳድዳሉ። ከአሰልጣኙ ወይም ጋጣ ከሚጠርገው ልጅ የሰማ ሰው ይታመናል። ከነሱ ሁሉ በላይ የፈረሱን ነገር የሚያውቀው ግን ፈረሱ ራሱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዚያ ወጥቶ ለማንኛውም ወሬ ተለመደ።

እዚህ አሜሪካ ሥራ ቦታ በብዛት እሰማዋለሁ። ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነገር አለ፤ ለታመነ ወሬ ሁሉ የሚሆን ይመስለናል። አይደለም። እኛ ጋ የሌሊት ሺፍት ሊቀር ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ተረብሾ ነበር። አንዱ ከጥበቃው ሰማሁ ይላል፣ ሌላዋ ግሩፕ ላይ አየሁ ትላለች። በኋላ አንዷ ሺፍት የምታወጣዋ ሱፐርቫይዘር ቢሮ ገብታ ጠየቀቻት። ስትወጣ «ፍሮም ዘ ሆርስስ ማውዝ፣ ሺፍቱ አይቀርም!» አለችን። ትክክለኛ አጠቃቀሙ ይሄ ነው። ጥበቃው የቱንም ያህል እውነተኛ ሰው ቢሆን ሺፍት አያወጣም፤ ስለዚህ ፈረሱ እሱ አይደለም።

ስድብ ስላልሆነ ስለ አለቃሽ ለሌላ ሰው ብትናገሪው ችግር የለውም። እሱኑ ፊት ለፊት ለማለት ግን ቅርበት ይፈልጋል። እኔ ብሆን «አይ ዋንትድ ቱ ሂር ኢት ፍሮም ዩ» (ከአንተው ከራስህ ልሰማው ፈልጌ ነው) ብዬ አልፈዋለሁ። ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍል) በሚጻፍ ኢሜይል ላይማ ጭራሽ አላስገባውም።

«የተሰጠሽን ፈረስ አፉን አትዪ» ከሚለው ጋር ደግሞ እንዳይምታታብሽ። ያኛው በጣም የቆየ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ቅዱስ ጄሮም በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሕዝብ ተረት ነው ብሎ ጠቅሶታል። የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃል። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው የወተት ጥርሱን መቀየር ይጀምራል፣ በአምስት ዓመቱ ይጨርሳል፣ ከዚያ እየተበላ ይሄዳል። ገዢ ከንፈሩን ገልጦ የሚያየው ለዚህ ነው። በነፃ የተሰጠው ሰው ግን እንዲህ ቢመረምር ሰጪውን ያስቀይማል። ስለዚህ ያንን የምትዪው ስጦታ ላይ እንከን ለሚፈልግ ሰው ነው።

ባልደረባሽን ከማን እንደሰማች ጠይቂያት። የነገሩን ባለቤት ከጠራችልሽ አነጋገሯ ልክ ነው።